ሁለት ኦክስጅን ሴንሰር ከገዛሁ በኋላ የገባኝ ነገር

ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የሞተር ምስል ያላት ቢጫ መብራት ስትበራ ድሮ ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። አሁን ብዙም አይለኝም። መረጋጋቱ ግን በነጻ አልመጣም፤ ሁለት ኦክስጅን ሴንሰር፣ አንድ የተቃጠለ ጣትና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅዳሜዎች ከፍዬበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራቷ በራች። የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ሰካሁ፣ ፒ0171 አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ በሙሉ ልብ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ ቀይረው» ብሎ ጽፏል። ገዛሁ። ቀየርኩ። ኮዱን አጠፋሁና ሦስት ቀን በሰላም ነዳሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተመልሳ ቦግ አለች። ርካሹን ስለገዛሁ ነው አልኩና ኦሪጅናሉን ገዛሁ። አሁንም ሦስት ቀን! በስተመጨረሻ ጥፋተኛው ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ያውም ከስር በኩል፣ ተሰንጥቋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በእጅ ሲለጥጡት ነው አፉን የሚከፍተው።

ፒ0171 እኮ «ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሸ» ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ «አየሩ ከነዳጁ በዝቶብኛል፣ ነዳጅ እየጨመርኩ ነው፣ ከዚህ በላይ ግን መጨመር አልችልም» ማለቱ ነው። በተሰነጠቀው ቱቦ ያልተለካ አየር ገባ። ኦክስጅን ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አየና ያየውን ተናገረ። እኔ ደግሞ እሳት ተነሳ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አባርሬ ሌላ ቀጠርኩ። እሱም መጥቶ እሳት ተነሳ አለ። እሱንም አባረርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች «ሴንሰር ቤት ውስጥ ልሥራ ወይስ የአምራቹ ወኪል ጋ ልውሰድ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የትኛውን ሥራ? ምክንያቱም ሥራው ሦስት ነው። ምን እንደተበላሸ ማወቅ አንድ ነው። ዕቃውን ነቅሎ መቀየር ሌላ ነው። አዲሱን ዕቃ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅ ደግሞ ሌላ። ብዙ ሰው መሃለኛውን ብቻ ቤት ውስጥ ይሠራና የመጀመሪያውን ይዘለዋል። እኔ አሁን ተቃራኒውን ነው የማደርገው። ማወቁን ሁልጊዜ ቤት እሞክራለሁ፣ መቀየሩን እንደ ቦታው አየዋለሁ፣ ማስተዋወቅ የሚፈልግ ከሆነ ሳላንገራግር ወደ ወኪሉ እነዳለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪናዎች፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ቤንዚን የሚጠቀሙት፣ መኪናው የራሱን ብልሽት መርምሮ የሚመዘግብበትን ኦቢዲ 2 የሚባለውን ሥርዓት እንዲይዙ በሕግ ተገደዋል። ስለዚህ ከመሪው ስር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ የሚሰካው ነገር ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የሚል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚነጋገር ሊሆን ይችላል፣ ወይም የራሱ ስክሪን ያለው። ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ኮድ አንብቦ ዝም የሚል እንዳይሆን፣ ሞተሩ እየሠራ እያለ ሴንሰሮቹ የሚሉትን በቀጥታ የሚያሳይ ይሁን። ኮድ ብቻ የሚያነብ ስካነር የታማሚውን ስም ብቻ ጽፎ እንደሚሰጥ የካርድ ክፍል ነው። በሽታውን አይነግራችሁም። ርካሾቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና ኤርባግ ውስጥ አይገቡም።

ሁለተኛው ቴስተር ነው። ቮልትና ኦም የሚለካ ተራ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። እነዚህ ሁለቱ ካሏችሁ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ሴንሰር ነው ተብሎ ከሚመጣው ችግር አብዛኛውን ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ኮዱን ስታነቡ ደግሞ እባካችሁ ወዲያው አታጥፉት። ይሄን ስንት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ አብሮ ፎቶ ያነሳል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ፣ ሚኒሞ ላይ ነበር (ነዳጅ ሳይሰጠው ዝም ብሎ እየሠራ) ወይስ ዳገት ላይ። ይህ ወርቅ ነው። ኮዱን ስታጠፉት አብሮ ይጠፋል። በተጨማሪም መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው የውስጥ ፈተናዎች ሁሉ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ የጭስ ምርመራ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ፈተናዎቹ እስኪያልቁ ድረስ ማለፍ ሊከለክላችሁ ይችላል። መብራቷን አጥፍቶ ወደ ምርመራ መሮጥ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከሴንሰሩም በፊት ባትሪና ማሳ፣ ማለትም የባትሪው ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት መስመር። ይሄን መስማት ማንም አይወድም፣ አሰልቺ ስለሆነ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ገደማ ያደርሰዋል። ከሱ በጣም ከወረደ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባውና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ኮዶች ይደረድርላችኋል። ማሳውን ለመለካት ደግሞ ሞተሩ እየሠራ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ካያችሁ የማሳ ገመዱ ዝጓል ወይም ላልቷል። አንድ የዛገ ብሎን በብረት ብሩሽ አጽድቼ አራት ኮድ ያጠፋሁበት ቀን አለ። ያን ቀን ራሴን እንደ ኢንጂነር ነበር የቆጠርኩት።

አሁን ወደ ሴንሰሮቹ። በጣም የምወደውን ዘዴ ላስቀድም። የሞተር ውሃ ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት የሚለካባቸው ሴንሰሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸው ናቸው። ውስጣቸው ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ነገር ነው ያለው። የተለመደው የውሃ ሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ላይ ደግሞ ወደ 300 ኦም አካባቢ ያሳያል። ስካነራችሁ የውሃው ሙቀት 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው ካላችሁ፣ ሞተሩ ግን እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። የት? ሶኬቱን ንቀሉና የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በትንሽ ሽቦ አገናኙ። ስካነሩ ላይ ቁጥሩ ተስፈንጥሮ ከ100 በላይ ከወጣ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩ ነው የሞተው። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ግን አዲስ ሴንሰር ብትገዙ ብራችሁን ውሃ በላው፤ ችግሩ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ነው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ታዲያ ይሄ ለሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ ነው። ሦስት ሽቦ ያለውን እንዲህ አታድርጉት፣ ኋላ እኔን እንዳትረግሙ።

ሦስት ሽቦ ያላቸው ብዙዎቹ ኮምፒውተሩ ከሚልክላቸው 5 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ማሳ፣ አንዱ መልእክት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ያ 5 ቮልት ለብዙ ሴንሰሮች የጋራ ሊሆን ይችላል። እንደ ሰፈር ውሃ ነው፣ አንዱ ቤት ቧንቧው ሲፈነዳ የሁሉም ቤት ውሃ ይጠፋል። የጓደኛዬ መኪና አንድ ቀን አምስት ኮድ በአንዴ ይዛ መጣች፤ የጋዝ ፔዳሉ፣ የአየር ግፊቱ፣ ሌላም ሌላም። አንድ ጋራዥ ሦስት ሴንሰር ግዛ ብሎት ነበር። «አምስት ነገር በአንድ ጠዋት አብሮ አይሞትም» አልኩት። ቁልፉን ከፍተን አንዱ ሶኬት ላይ ስንለካ 5 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 1 ወርዷል። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን። አራተኛው ላይ ስንደርስ 5 ቮልቱ ተመለሰ። ምን ነበር? የኤሲው ጋዝ ግፊት ሴንሰር! ከሞተሩ አሠራር ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ማንም ያልጠረጠረው ጥግ ላይ ያለ ነገር። ውስጡ ሾርት አድርጎ የሁሉንም መስመር ይዞ ወርዶ ነበር። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «አንተ እኮ» እያለ ነው። ዕድል ነበር ብዬ አልነገርኩትም።

የአየር መጠን ለኪው፣ ማፍ የሚሉት፣ ቤት ውስጥ ለመሥራት ከሁሉም የሚመቸው ነው። ውስጡ ያለች ቀጭን የጋለ ሽቦ ወይም ፊልም አየር ሲያልፍባት ትቀዘቅዛለች፤ ኮምፒውተሩም እንዳትቀዘቅዝ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ አይቶ አየሩን ያሰላል። አቧራና ዘይት ከሸፈናት አየሩን አሳንሳ ትናገራለች። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ በሴኮንድ የሚገባው አየር በግራም ሲቆጠር ከሞተሩ ሊትር ጋር ይቀራረባል የሚል ግምታዊ ልማድ አለ፤ 2 ሊትር ሞተር ከሆነ 2 ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ለሱ ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ብቻ ተጠቀሙ። የካርቡራተር ማጽጃ አይደለም፣ ጥጥ አይደለም፣ ጣትም አይደለም! ንፉበት፣ በራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ መልሱት። አለቀ።

ማፉን ከቱቦ ስንጥቅ ለመለየት ደግሞ ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር እዩ። ኮምፒውተሩ ከተለመደው ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ የሚያሳይ ነው። ከዜሮ ወደ 10 ገደማ ከፍ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። ሚኒሞ ላይ 20 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ዙሩን ወደ 2,500 ስታደርሱት ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ አየር እያፈሰ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ፣ የነዳጅ ፖምፓውን፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ወይም ማፉን ጠርጥሩ። እኔ ያኔ ይህችን አንዲት ቁጥር አይቼ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ኦክስጅን ሴንሰሮች አልገዛም ነበር። አዎ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ራሱ ካነሳን፣ የድሮው ዓይነት በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መሃል ይዋዥቃል። ከካታሊስቱ፣ ማለትም ከጭስ ማጽጃው፣ በፊት ያለው ቶሎ ቶሎ ከላይ ታች ማለት አለበት፤ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ደግሞ ረጋ ብሎ መቀመጥ። ፊተኛው አንድ ቦታ ከደረቀ ወይም ከፈዘዘ፣ ያኔ እሱን መጠርጠር ተገቢ ነው። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ፊተኛው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይሄ የቮልት ሒሳብ አይሠራም። ማሞቂያው ተበላሸ የሚል ኮድ፣ ለምሳሌ ፒ0135፣ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ፊውዝ እዩ። በጣም የሚያስቀው ፒ0420 ነው። ካታሊስቱ ደክሟል ነው የሚለው፤ ሰው ግን ካታሊስት ውድ ስለሆነ ኋለኛውን ሴንሰር ይቀይርና ይጸልያል። አንዳንዴ እውነትም ካታሊስቱ አይደለም። ከፊት በኩል የጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ አየር ሲያፈስም ይኸው ኮድ ሊመጣ ይችላል።

መቀየር ካለባችሁ የተለመደው ቁልፍ 22 ነው፤ ሽቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ልዩ ሶኬት አለ። ሞተሩ ለብ ሲል ይፈታል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥርሱን ይዞ ይቀራል፣ ትኩስ ከሆነ የእኔን ጣት ያደርጋችኋል። አካባቢው ላይ ሲሊኮን ማሸጊያ አትጠቀሙ፣ የሲሊኮን ትነት ሴንሰሩን ይገድለዋል።

አንድ ሌላ የሚያናድድ ዓይነት አለ። ሞተሩ ሲሞቅ በድንገት ድርግም ይላል። ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ስትሞክሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ጋራዥ ስትደርሱ ደህና ነው፤ መካኒኩ እንደ እብድ ያያችኋል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር ጠባይ ነው። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ይቋረጥና ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ኮድም ላይመዘግብ ይችላል። የመያዣው መንገድ ቀላል ነው፤ እምቢ ባለበት ሰዓት ስካነሩን ሰክታችሁ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እያዞራችሁ የሞተሩን ዙር እዩ። ሞተሩ እየዞረ ስካነሩ ዜሮ ካለ፣ ተይዟል። ለዚህ ነው ስካነሩ ከመኪናው የማይወጣው። ወኪሉ ጋ ደርሶ የማይታይ በሽታን መያዝ የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ መንገድ ላይ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ።

የኤቢኤስ መብራት ከሆነ ደግሞ ኤቢኤስ የሚያነብ ስካነር ካላችሁ የአራቱን ጎማ ፍጥነት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ስካነሩን የሚያየው ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው ይሁን። ሦስቱ 15 ሲሉ አንዱ ዜሮ ካለ ቦታውን አወቃችሁ። ብዙ ጊዜ የሴንሰሩ ጫፍ ላይ የብረት ብናኝ ተሰብስቦ ወይም ሽቦው በመሪው መዞር ተበጥሶ ነው። አዲሶቹ ላይ በኦም አትለኩ፣ ልታበላሹት ትችላላችሁ። አንድ የማይረሳኝ ነገር፤ የጎማ ኩሽኔታ በቅርቡ ቀይራችሁ ወዲያው መብራቷ ከመጣች ኩሽኔታው ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኩሽኔታዎች በአንድ ጎናቸው ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት አላቸው። ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ ካልዞረ ሴንሰሩ ቢቀየር ቢቀየር ዋጋ የለውም።

እስካሁን ወኪሉን የጠላሁ እመስላለሁ። አልጠላሁም። አንዴ ግን በደንብ አናደውኛል። ፒ0420ውን ይዤ ሄድኩ። ኮዱን አነበቡ፣ ወረቀት አወጡ፣ «ካታሊስቱ፣ ሁለቱም ኦክስጅን ሴንሰሮች፣ ማፉም ይቀየሩ» አሉኝ። ምን ለክታችሁ ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ኮምፒውተሩ ነው ያለው፣ ጌታዬ» አለኝ የፊት ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ፣ በጣም በትህትና። የምርመራ ክፍያዬን ከፍዬ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ቤት ኮፈኑን ከፍቼ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስቼ ሳዳምጥ ከጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ ጢክ ጢክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋስኬት፣ መገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ነበር። አንድ ጋስኬት! ኮምፒውተሩ እኮ «ቀይር» የሚባል ቋንቋ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው «ይሄ ቁጥር ልክ አልመጣልኝም» ማለት ብቻ ነው። «ቀይር» የሚለው ሰው ነው።

ግን ደግሞ ሌላ ጊዜ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስደክም ከርሜ፣ ሴንሰር ለክቼ ሽቦ ፈትሼ፣ ማርሹ ሲቀያየር የሚነጥረኝን ነገር ላገኘው አልቻልኩም። ወኪሉ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ገና ሳልጨርስለት «ይሄን እናውቀዋለን» አለ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የቴክኒክ ማስታወቂያ አውጥቶበታል፤ ዕቃው ደህና ነው፣ የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ነው የሚታደሰው። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። እኔ በቴስተሬ መቶ ዓመት ብለካ አላገኘውም ነበር። ወኪሉ ያለው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ የአምራቹ ሶፍትዌር፣ የዚያ መኪና ትክክለኛ የሽቦ ካርታ፣ እና ያንኑ በሽታ መቶ ጊዜ ያየ ዓይን።

ስለዚህ ስሄድ የምሄድበት መንገድ ተቀይሯል። «ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይሩልኝ» ብዬ አላዝም። ካዘዝኩ ይቀይሩታል፣ መብራቷ ስትመለስ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያዘዝኩትን ሠርተዋልና። በምትኩ ምልክቱን ጽፌ እሄዳለሁ። መቼ ጀመረ፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ በስንት ፍጥነት፣ ኮዱ ምን ነበር፣ የፍሪዝ ፍሬሙ ፎቶ። የለካሁትንም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት በምን ምርመራ እንዳረጋገጣችሁ ንገሩኝ። ደህና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ቁጭ አድርጎ ሁሉ ያስረዳችኋል። የሚቆጣውን ደግሞ አወቃችሁት። መኪናችሁ ገና ዋስትና ላይ ከሆነማ ጥያቄም የለው፣ እጃችሁን ሰብስቡና ውሰዱት፤ ሽቦ መቁረጥ ከጀመራችሁ በኋላ ዋስትናው ላይ ክርክር ሊገጥማችሁ ይችላል።

የማልነካቸውም አሉ። ኤርባግ አልነካም። ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሶኬት ነው ያለው፤ በቴስተር ሲለካ ሊፈነዳ የሚችል ነገር አጠገብ ቅዳሜዬን አላሳልፍም። የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ገመድም እንደዚያው። የፊት መስታወት ላይ ያለው ካሜራና ከፊት መከላከያው ጀርባ ያለው ራዳር ደግሞ አይፈነዱም፣ ግን አንድ ዲግሪ ከተዛነፉ ርቀት ላይ ያለችውን መኪና ሌላ መስመር ላይ ያዩዋታል። መስታወት ከተቀየረ በኋላ ብዙ ሞዴሎች ልዩ ሰሌዳ ፊታቸው ተተክሎ፣ ርቀቱ በሜትር ተለክቶ መስተካከል አለባቸው። ያ ቤት ውስጥ አይሆንም። የጎማ ንፋስ ሴንሰር ከሆነ ውስጡ ያለው ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ታሽጎ ስለሚመጣም ሙሉውን ነው የሚቀየረው። ጎማው ከቸርኬው መውጣት ስላለበት ጎሚስታ ጋ ነው የምሄደው፤ ጎማ ሲቀየር አብሮ ቢሠራ ይሻላል።

ዕቃ ስትገዙ ደግሞ አንድ ሚስጥር። አምራቾቹ ብዙውን ሴንሰር ራሳቸው አይሠሩትም። እንደ ቦሽ፣ ዴንሶና ኤንጂኬ ያሉት ናቸው የሚሠሩላቸው። የተነቀለው ሴንሰር ላይ ማን እንደሠራው አንብባችሁ ያንኑ ከፈለጋችሁ፣ በመኪናው አርማ ካርቶን ከሚሸጠው ባነሰ ልታገኙት ትችላላችሁ። ዋጋው ከልክ በላይ የወረደ ከሆነ ግን ካርቶኑ ነው ኦሪጅናል፣ ዕቃው አይደለም። ይሄንንም ከፍዬ ነው የተማርኩት፣ አልዘረዝረውም።

ይሄን ስጽፍ መብራቷ በርታለች። ፒ0128፣ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ አልደረሰም የሚል። ትናንት ማታ መኪናዋን አቆምኳት፣ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ሁለቱን ሙቀቶች አየሁ። ያደረ መኪና ላይ የውሃውና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ አንዱ 14፣ ሌላው 15 አሉ። ሴንሰሮቹ ተስማምተዋል። አስነስቼ ስነዳ ውሃው 70 ደርሶ እዚያው ቆመ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭራሽ ወረደ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ የሚይዘው ቴርሞስታት ነው፣ ክፍት ቀርቷል። አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከሦስቱ ብሎኖች ሁለቱ በእጅ ይገኛሉ፤ ሦስተኛው ዲናሞው ስር ነው፣ እስካሁን በመስታወት ካልሆነ አላየሁትም።